ለኮርኒስ የማይሰስት ለብሬከር ሳጥን ለምን ይሰስታል?

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ቤት የሚሠራ ሰው ፊኒሺንግ ላይ ሲደርስ ለጂፕሰም ኮርኒሱ፣ ለሴራሚኩና ለመብራቱ ጌጥ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። የብሬከር ሳጥኑን የሚመርጠው ግን ኤሌክትሪሺያኑ ነው። እሱም ባለቤቱ "ዋጋ በዛ" እንዳይለው መስመሮቹ ልክክ ብለው የሚገቡበትን ትንሿን ሳጥን ገዝቶ ይመጣል። ስምንት መስመር ካለ ስምንት ቦታ፤ ትርፍ የሚባል ነገር የለም። ይህች ቁጠባ ቤቱ ነገ ሶላርና ባትሪ በቀላሉ መቀበል አለመቀበሉን እንደምትወስን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ነገሩ ቅንጦት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ስለዚህ የብዙ ሰው ቀጣይ መኪና ቻርጅ የሚደረገው ከገዛ ቤቱ ነው። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። መብራት መጥፋቱስ መች ቀረ?

"ግድቡ ተመርቆ ሶላር ለምን?" የሚል አይጠፋም። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ ትልቅ ነገር ነው። ግን የሰፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ ምሰሶ ሲወድቅ፣ ያረጀ መስመር ሲጨናነቅ ጉባ ላይ የሚመነጨው ኃይል እዚያ ቤት አይደርስም።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። 2000 ዋት የውሃ ማሞቂያ 9 አምፔር ይጨምራል። ባለ 7 ኪሎዋት የመኪና ቻርጀር ብቻውን 32 አምፔር ይወስዳል። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ እየተጋገረ፣ ውሃ እየሞቀ፣ መኪና ቻርጅ እየተደረገ ከሆነ ድምሩ 57 አምፔር ነው። ዋና ብሬከሩ 40 የሆነ ቤት ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል።

ያኔ የሚሆነው ይታወቃል። "ብሬከሩ ደካማ ነው" ተብሎ በትልቅ ይቀየራል። ብሬከር ግን በዋናነት የሚጠብቀው ምጣዱን ወይም ፍሪጁን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ለሶኬት በተዘረጋ ባለ 2.5 ሽቦ ላይ 32 አምፔር ብሬከር መግጠም ማለት ሽቦው ልስን ውስጥ ሲግል የሚያስቆመው እንዳይኖር ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጥገና ይቆጥረዋል፤ እሳት መደገስ ነው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ደግሞ "ባለ 200 አምፔር ፓኔል አስገባ" ብለው ይመክራሉ። እዚያ ይህ መጠን የተለመደ ነው፤ ቤቱን ማሞቅና ማቀዝቀዝ ሁሉ በኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን የሚያስፈልገው የአምፔር ውድድር ሳይሆን ጭነትን መለየት ነው።

ለምን ቢባል፣ ባትሪ ሁሉንም ነገር እንዲሸከም ከተጠየቀ ገንዘብ ይበላል። 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለ እንበል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ 4ቱን ብቻ መጠቀም ይሻላል። አምፖሎች፣ ዋይፋይ፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በአማካይ 250 ዋት ቢወስዱ 16 ሰዓት ያቆያቸዋል። ያው ባትሪ ምጣድ ቢጣድበት ግን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ያውም ኢንቨርተሩ ከቻለው። ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር ምጣዱ እንደተለኮሰ ያጠፋል።

ስለዚህ ቤት ሲሠራ ሁለት ሳጥን ይሁን። አንዱ ለከባዶቹ፦ ለምጣድ፣ ለምድጃ፣ ለውሃ ማሞቂያና ለመኪና። ሌላው መብራት ሲጠፋ ሊቋረጡ ለማይገባቸው። ኢንቨርተር በተገዛ ቀን በሁለቱ መካከል ይገባና ሁለተኛውን ብቻ ይመግባል። ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር የሚሰጠው 23 አምፔር አካባቢ ስለሆነ ለሁለተኛው ሳጥን 32 አምፔር የሚችል ባለ 6 መጋቢ ሽቦ ይበቃዋል። በየሳጥኑ አራት አምስት ባዶ ቦታ ይተው። ከጣሪያ እስከ ሳጥኑ ድረስ ሶሌታው ሳይሞላ ባዶ ቱቦ ይቀበር። ባትሪ የሚቀመጥበት አየር የሚያገኝ ጥግም ይታሰብ። ሶላሩ ዛሬ ባይገዛ ግድ የለም፤ ቱቦው አይበላሽም።

ይህ ሁሉ ከባትሪው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን ግድግዳ መቦርቦር፣ እንደገና መለሰንና መቀባት ይመጣል። ያን ሽሽት አቋራጭ የሚፈልግ ደግሞ አለ፦ የጄኔሬተሩን ወይም የኢንቨርተሩን ገመድ በሁለት ራስ ፕለግ ሶኬት ላይ የሚሰካ። ዋናው ብሬከር ካልተዘጋ ያ ኃይል በቆጣሪው አልፎ ወደ ሰፈሩ መስመር ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩም በግልባጭ ሠርቶ ወደ 15 ሺህ ቮልት ሊያሳድገው ይችላል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ በዚያ ይሞታል። ማቀያየሪያ ስዊች ያለው ሥርዓት ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የኤሌክትሪሺያኑ ጥፋት ብቻ አድርጎ ማየት ልክ አይደለም። ማንም ካልጠየቀው ለምን ትርፍ ያመጣል? የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታን የሚመለከተው የሀገሪቱ ደንብ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሊቲየም ባትሪ ያለው፣ መኪና ቻርጅ የሚያደርግ መኖሪያ ቤት የሚታሰብ አልነበረም። የግንባታ ፈቃድ ሰጪው የኤሌክትሪክ ፕላን ሲቀበል "የሁለተኛው ሳጥን ቦታና የጣሪያው ቱቦ የት አለ?" ብሎ ቢጠይቅ መንግሥትን ምንም አያስወጣውም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ሰው የራሱ ጣሪያ ስለሌለው ሶላሩ ይከብደው ይሆናል። መስመሮቹን ለሁለት መክፈሉ ግን ለእሱም ይሠራል፤ መብራት ሲኖር ከቆጣሪው የሚሞላ ባትሪና ኢንቨርተር ሌሊቱን ያደርሰዋል፤ እንጀራው መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል።