የከተማ ተመራጭ ሥራ በምን ይመዘናል?
ማሕሙድ ሐርቢና የጅቡቲ የሕዝብ ሰፈሮች

አንድ ሰው በሕዝብ ድምፅ ተመርጦ ለሹመት ከበቃ በኋላ፣ በዘመኑ ፍጻሜ የሚቀርብለት ጥያቄ ምንጊዜም አንድ ነው፤ ይኸውም «ለመረጠህ ሕዝብ ምን ሠራህለት?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ከዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ይሠራበት ዘንድ የተሰጠው ሥልጣን ምን ያህል ነበር?» የሚለው ነው። ይህ ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ ወይ ያለ ልክ ማመስገን፣ ወይ ያለ በደል መውቀስ ይሆናል።

ይህን ነገር እንድናነሣ ያደረገን የጅቡቲ ከተማ አስተዳደር ጉዳይ ነው። ከተማይቱ ዛሬ የምትተዳደረው በሦስት የከተማ ወረዳዎች ተከፍላ ነው፤ እነርሱም ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ ይባላሉ። ከሦስቱ ቡላኦስ ጥንታዊዎቹን የሕዝብ ሰፈሮች የያዘው ሲሆን፣ የወደቡ ተሸካሚ፣ የባቡሩ ሠራተኛ፣ ትንሹ ነጋዴና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ተጠጋግተው የሚኖሩበት ነው። የወረዳዎቹ ምክር ቤቶች መጀመሪያ በሕዝብ የተመረጡት በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያም በ2004፣ በ2009ና በ2014 ዓ.ም. ምርጫው ተደግሟል። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ የቡላኦስ ነዋሪ የሚጠብቀው ነገር አልተለወጠም፤ ውሃ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ ንጹሕ መንገድና ለወጣቱ ሥራ ነው። እንግዲህ የዛሬውን ተመራጭ በሚዛን ለማስቀመጥ የሚሻ ሰው፣ ከእነዚህ ሰፈሮች በተሰበሰበ ድጋፍ ከሁሉ አስቀድሞ ለከፍተኛ ሹመት የበቁትን የማሕሙድ ሐርቢን ታሪክ ቢመለከት ብዙ ይማርበታል።

ማሕሙድ ሐርቢ የተወለዱት በ1913 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ወገን አገልግለው ከተመለሱ በኋላ፣ በጅቡቲ የሠራተኞችን ማኅበር በማደራጀት ስማቸው ታወቀ። በዚያን ዘመን ጅቡቲ ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ነጻ ወደብ የሆነች፣ በአሜሪካ ዶላር ልክ የተወሰነ የራሷ ፍራንክ ያላት የንግድ ከተማ ነበረች። ዕቃው ያለ ቀረጥ ይገባል፣ ይወጣል፤ ዕቃውን በትከሻው የሚያወርደው ሰው ግን ከዚህ ትርፍ የሚደርሰው ጥቂት ነበር። የሐርቢ ድምፅ የተሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። በታኅሣሥ 23 ቀን 1948 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የፓሪሱ ብሔራዊ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ።

በዚያው ዓመት ሰኔ 16 ቀን በሚኒስትሩ በጋስቶን ዴፌር ስም የሚጠራው ሕግ በፈረንሳይ ወጣ። ሕጉ ከባሕር ማዶ ላሉት ግዛቶች የራሳቸው ምክር ቤትና የመንግሥት ጉባኤ እንዲኖራቸው የፈቀደ ነው። ልክ በዓመቱ፣ ሰኔ 16 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ ሕዝብ የግዛቱን ምክር ቤት መረጠ። የሐርቢ ወገን ድል ስላደረገ እርሳቸው የመንግሥቱ ጉባኤ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ምክትል» የምትለዋን ቃል ልብ ይበላት። የጉባኤው ሊቀ መንበር ከፓሪስ የተሾመው ገዢ ነበር። የውጭ ጉዳይ፣ የጦር ኃይል፣ የጸጥታ ጥበቃ፣ ፍርድና ገንዘብ በፈረንሳይ መንግሥት እጅ ቀሩ። ለጉባኤው የተተወለት እንደ ጤና ጥበቃ፣ ትምህርት ቤትና የአገሬው ጸሐፊዎች አስተዳደር ያለው ሥራ ነበር። ከተማይቱ የምትኖርባቸው ሁለቱ ነገሮች፣ ወደቡና ባቡሩ፣ ከተመራጮቹ ውሳኔ ውጭ ነበሩ። ለዚህም ምስክር እንዲሆን የባቡሩን ነገር መጥቀስ ይበቃል። ኩባንያው በፈረንሳይና በኢትዮጵያ መካከል እኩል እንዲሆንና ዋናው መሥሪያ ቤቱም ወደ አዲስ አበባ እንዲዛወር ያደረገው የኅዳር 1952 ዓ.ም. ውል የተፈረመው በሁለቱ መንግሥታት መካከል ነው። ለጅቡቲ ሕዝብ ታላቁ የሥራ ቦታ እንዲህ ባለ ውል ሲወሰን፣ የጅቡቲ ተመራጮች ተዋዋይ አልነበሩም።

አባቶች «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሹመት ነው። ከውጭ ለሚያየው ሕዝብ ሐርቢ የአገሩ መሪ ናቸው፤ ስለዚህ ደመወዝን፣ ውሃን፣ ቤትን ሁሉ ከእርሳቸው ይጠብቃል። በውስጥ ግን ትእዛዙም፣ ዘበኛውም፣ የገንዘቡም ምንጭ የሌላ ነው።

ከሠራተኞች ማኅበር የወጡ እንደ መሆናቸው የሐርቢ የመጀመሪያው ዐሳብ የሠራተኛው ኑሮ ነበር። ሁለተኛው፣ የአገሩ ተወላጅ በአገሩ አስተዳደር ተገቢውን ስፍራ ማግኘቱ ነው። ሦስተኛውና በኋላ ሁለቱን የዋጠው ግን የግዛቱ የወደፊት ዕድል ጥያቄ ነበር። ጥያቄው በመስከረም 18 ቀን 1951 ዓ.ም. ፊት ለፊት መጣ። በዚያን ቀን ዤኔራል ደጎል ያቀረቡትን አዲስ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ «አዎን» ወይም «አይደለም» እንዲልበት ታዘዘ፤ «አይደለም» ያለ ግዛት ከፈረንሳይ ይለያል ማለት ነበር። ሐርቢ ግዛቱ ነጻ ወጥቶ ነጻነቱ ከተቃረበው ከሶማሊያ ጋር እንዲተባበር ይሹ ስለነበር ሕዝቡ «አይደለም» እንዲል ቀሰቀሱ። ሐሰን ጉሌድ አብቲዶን በ«አዎን» ወገን ቆሙ። የኢትዮጵያም መንግሥት የወደቡና የባቡሩ ነገር ስለሚመለከተው ሁኔታውን በብርቱ ይከታተል ነበር።

ድምፁ ሲቆጠር ከመቶው 75 ያህሉ «አዎን» ሆነ። በሴኩ ቱሬ መሪነት «አይደለም» ያለችው ጊኒ በአራተኛው ቀን ነጻነቷን ስታውጅ፣ በጅቡቲ ግን የተሸነፉት የጉባኤው ምክትል ፕሬዚዳንት ወንበራቸውን አጡ። ምክር ቤቱ ፈርሶ በኅዳር ወር አዲስ ምርጫ ተደረገ፤ የመንግሥቱም ጉባኤ ለሐሰን ጉሌድ ተሰጠ። ሐርቢ ከአገር ወጥተው በስደት ሲታገሉ ቆይተው፣ በመስከረም 1953 ዓ.ም. የተሳፈሩበት አውሮፕላን በኢጣሊያ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ወድቆ ሞቱ። ዕድሜያቸው ገና አርባ አልሞላም ነበር።

እንግዲህ ፍርዱ ምን ይሁን? የሚነቅፏቸው ሰዎች «ለትንሽ ሥራ የተሰጠውን ወንበር ለታላቅ ነገር አስይዘው አጡት፤ ከወንበሩም ጋር የሠራተኛው ጉዳይ ጠበቃ አጣ» ይላሉ። ይህ አባባል እውነትነት አለው። የጉባኤው ዕድሜ ከአንድ ዓመት ተኩል አልበለጠም፤ በዚህ ጊዜ የተጀመረ ሥራ ሥር ሊሰድ አይችልም። የሚደግፏቸው በበኩላቸው «ሥልጣኑ ሌላ ዘንድ እስካለ ድረስ ትንሹም ሥራ አይሠራም ነበርና፣ ታላቁን ጥያቄ ማንሣታቸው ግድ ነበር» ብለው ይመልሳሉ። ይህም ቢሆን ከእውነት የራቀ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለሁለቱም ወገን ትምህርት ይሰጣል። በነሐሴ 1958 ዓ.ም. ዤኔራል ደጎል ከተማይቱን ሲጎበኙ ነጻነት የሚጠይቅ ሰልፍ ተነሣ። ከዚያም በመጋቢት 10 ቀን 1959 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶው 60 ያህሉ ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን እንደ መረጠ ተነገረ። ገዢዎቹ በከተማይቱ ዙሪያ የሽቦ አጥር አቁመው መግቢያውን በዘበኛ ስላስጠበቁ፣ ወደ ውስጥ መግባት የተከለከለው ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ ጎጆውን ቀለሰ። ዛሬ ባልባላ የሚባለው ታላቅ ወረዳ የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው። አንዲቱ ከተማ በአጥር ስትከፈል ለማስቆም የሚበቃ ሥልጣን የያዘ የከተማይቱ ተመራጭ አልነበረም።

በመጨረሻም ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነጻ ወጣች። በ1951 ዓ.ም. «አዎን» ያሉት ሐሰን ጉሌድ የነጻይቱ አገር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። «አይደለም» ያሉት ሐርቢ ደግሞ በሐሙዲ መስጊድ አጠገብ ያለው፣ ቀድሞ በራምቦ ስም ይጠራ የነበረው አደባባይ በስማቸው ተሰየመላቸው። አንዱ ሹመቱን፣ ሌላው መታሰቢያውን አገኘ። የሰፈሩ ሕዝብ ግን ከሁለቱም የጠበቀው ውሃና የጎርፍ መውረጃ ነበር፤ ይህንም ነጻነቱ ከመጣ በኋላ ብዙ ዘመን ጠብቆታል።

አሁን ወደ ዛሬው ቡላኦስ እንመለስ። በ1998 ዓ.ም. የተቋቋሙት ምክር ቤቶችና በከተማው ምክር ቤት የሚመረጠው ከንቲባ፣ የልደትንና የጋብቻን መዝገብ እንደ መያዝ፣ ገበያንና ጽዳትን እንደ መጠበቅ ያለ ለነዋሪው ቅርብ የሆነ ሥራ አላቸው። በ2009 ዓ.ም. ፋጡማ አዋሌ ኦስማን የከንቲባነቱን ወንበር ሲይዙ የመጀመሪያይቱ ሴት ከንቲባ ሆነዋል። ይህ ሁሉ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የቡላኦስን ኑሮ የለወጡት ታላላቅ ሥራዎች የተወሰኑት በሌላ ስፍራ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የኤሌክትሪክ ኃይልና በ2009 ዓ.ም. ከሐዳጋላ ጉድጓዶች በቧንቧ መፍሰስ የጀመረው ውሃ፣ ሁለቱም ከኢትዮጵያ በመንግሥታት ስምምነት የተገኙ ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የተከፈተው የዶራሌ የኮንቴይነር ወደብና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር ሐዲድም እንደዚሁ የመንግሥት ሥራ ናቸው።

ሥራው ከድሮው ወደብ ወደ ዶራሌ፣ ከድሮው የባቡር ጣቢያ ወደ ናጋድ ሲሸሽ፣ በትከሻው ይሠራ የነበረው የቡላኦስ ሰው ሥራውም አብሮ ራቀው። የአምቡሊ ወንዝ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም.፣ ከባድ ዝናብም በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከተማይቱን ባጥለቀለቁ ጊዜ፣ ነዋሪው አቤት ያለው ቅርብ ለሚያገኘው ሹም ነው። ገንዘቡና መሐንዲሱ ያሉት ግን ከዚያ ሹም በላይ ነው።

ይህ ነገር የጅቡቲ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ እጅግ የሚበዛው በዚህች ከተማ ያልፋል። ከባድ መኪናውን የሚልክ ነጋዴ፣ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያወጣ አስተላላፊ ሁሉ ጉዳዩን የሚያስፈጽመው በቡላኦስና በባልባላ በሚኖር ሠራተኛ እጅ ነው። ሰፈሩ በጎርፍ ሲያዝ ወይም ሠራተኛው ሲከፋ፣ የዕቃው መዘግየት እስከ አዲስ አበባና እስከ ደሴ ገበያ ድረስ ይሰማል። ስለዚህ የጅቡቲ የከተማ ወረዳ ሹም ችሎታና አቅም የነጋዴውም ጉዳይ ነው።

በእኛ አስተያየት ማንኛውም የከተማ ተመራጭ በሦስት ነገር ቢመዘን ፍርዱ ይቀናል። አንደኛ፣ በእጁ ባለው ሥልጣን፣ ትንሽም ቢሆን፣ የሚገባውን ሠርቷል ወይ? መዝገቡ ተስተካክሎ፣ ገበያው ጸድቶ፣ የውሃ መውረጃው ከክረምት በፊት ተጠርጎ ከተገኘ፣ ይህ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ሁለተኛ፣ በእጁ የሌለውን ሥልጣን እንዳለው አስመስሎ ለሕዝቡ ተስፋ ሰጥቷል ወይስ እውነቱን ገልጿል? «ይህ የእኔ ድርሻ ነው፣ ያ ግን የበላዩ መሥሪያ ቤት ነው» ብሎ በግልጽ የሚናገር ሹም፣ ሕዝቡ አቤቱታውን ወዴት እንደሚያቀርብ ያሳየዋል። ሦስተኛ፣ የጎደለውን ሥልጣንና ገንዘብ በሕግ መንገድ ጠይቆ፣ ለተከታዩ ከተቀበለው የሰፋ ወንበር አስረክቧል ወይ?

ማሕሙድ ሐርቢ በመጀመሪያው ሚዛን ጊዜ አላገኙም። በሁለተኛው፣ የሚሹትን ሳይሸሽጉ ስለ ተናገሩ ምስጋና ይገባቸዋል። በሦስተኛው ግን ወንበሩን ለተከታዩ አስፍተው ሊያስረክቡ አልቻሉም፤ ይህም በከፊል ከራሳቸው ችኰላ፣ በከፊል ደግሞ ሥልጣኑን ቈንጥሮ ከሰጠው ሕግ የመጣ ነው። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት የነጻይቱ አገር ሹማምንት ግን የባዕድ ገዢ ምክንያት የላቸውም። ለቡላኦስ ምክር ቤት ከተግባሩ ጋር የሚመጣጠን በጀት መመደብ፣ በወደቡ ከሚገኘውም ገቢ ለሰፈሮቹ የታወቀ ድርሻ መወሰን በአገሩ መንግሥት እጅ ያለ ነገር ነው። ይህ ሳይሆን ምርጫው ብቻ በየጊዜው ቢደጋገም፣ መራጩ በምርጫው ላይ ያለው እምነት እየሳሳ መሄዱ አይቀርም። የሚቀጥለው ክረምት ሳይደርስ ሊታሰብበት የሚገባውም ይኸው ነው።