ሳይክልን ከዋና መንገድ ላይ የከለከለው የትኛው ሕግ ነው?

«ውጣ ከመንገዱ! ሳይክል በዋና መንገድ ክልክል ነው!»

ከዓይናለም ወደ መቐለ በማለዳ በሳይክል የሚገባ ሰው ይህችን አባባል በቃሉ ያውቃታል። አንዴ ከሚኒባስ መስኮት፣ አንዴ ከሲኖትራክ ጋቢና ትወረወርበታለች። ክላክስ ይከተላል። ከዚያ መኪናው ክርኑን ሊነካው ጥቂት ሲቀረው ሽው ብሎ ያልፋል። ስድቡ አይገርምም፤ ስድብማ መንገድ ላይ ሞልቷል። የሚገርመው «ክልክል ነው» የሚለው ቃል ነው። ሹፌሩ ሕግ እየጠቀሰ ይመስለዋል፣ ተሳፋሪውም «እውነቱን ነው» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ይባስ ብሎ ባለሳይክሉ ራሱ አምኖ ወደ ጠጠሩ ይወርዳል።

የትኛው ሕግ?

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 468 «ተሽከርካሪ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም በመንገድ ላይ የሚያገለግል ማንኛውም ባለጎማ እንደሆነ ይናገርና ዓይነቶቹን ይዘረዝር ነበር። ከነዚያ ውስጥ አንዱ ብስክሌት ነበር። ጋሪውም፣ ባለሞተሩም፣ ተሳቢውም፣ ብስክሌቱም በአንድ ትርጉም ሥር ተቀምጠው ነበር። ሲኖትራኩ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ስም ሳይክሉም አግኝቶታል ማለት ነው። ቀኝ ጠርዝ ይዘህ ንዳ፣ ማታ መብራት ይኑርህ፣ የሚሄድ መኪና ይዘህ አትጎተት እየተባለ ለብስክሌት ነጂ የሚነገረው ግዴታም ትርጉም የሚኖረው መንገዱ ላይ መሆን ከተፈቀደለት ብቻ ነው። ቤት እንዳይገባ ለተከለከለ ሰው ጫማህን በር ላይ አውልቅ አይባልም።

እርግጥ ነው፣ ሳይክል የማይገባበት መንገድ በኢትዮጵያ አለ። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከነዚህ አንዱ ነው። ግራና ቀኙ ታጥሯል፤ መሄጃና መመለሻው ተለያይቷል፤ መግቢያው የክፍያ በር ነው፤ ሌሎች መንገዶች የሚያቋርጡት በድልድይ ከላይ ወይም ከታች ነው። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ እግረኛም፣ አህያም፣ ሳይክልም የለም፤ መኖርም የለበትም። በዚህ የሚከራከር የለም። በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፔዳል መሄድ የፈለገ አሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ አልተዘጋበትም።

ችግሩ የተፈጠረው «የፍጥነት መንገድ» እና «ዋና መንገድ» በሰው አፍ ውስጥ አንድ ሲሆኑ ነው። አስፋልቱ ሰፋ ካለ፣ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ከተሰመረ፣ ከባድ መኪና ከበዛበት በቃ «ሀይዌይ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ግን ሳይክል የሚከለከልበትን መንገድ በስፋቱ አይለየውም። ለሞተር ተሽከርካሪ ብቻ ተብሎ የተሠራ፣ መሄጃና መመለሻው የተለያየ፣ ዳሩ ላይ ላለ ቤትና ይዞታ መውጫ መግቢያ ያልሆነ፣ ሌላ መንገድም ሆነ የእግር መንገድ በደረጃው የማያቋርጠው መሆን አለበት።

አሁን ይህን መስፈርት ይዞ ዓይናለም መቆም ነው። የግቢ በር በቀጥታ አስፋልቱ ላይ ይከፈታል። ተማሪ ያቋርጣል፣ በግ ያቋርጣል፣ ነጠላዋን ያጣፋች እናት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ታቋርጣለች፤ ባጃጅ መሐል ላይ ዞሮ ይመለሳል። ሱቁ፣ ጎሚስታው፣ ሻይ ቤቱ ፊቱን ያዞረው ወደ መንገዱ ነው። ይህ የሰፈር መንገድ ነው፤ አጋጣሚ ሆኖ ወደ ኤርፖርቱ የሚሄደው መኪናና ድንጋይ የጫነው ሲኖም ያልፍበታል። ከመቐለ ወደ ኩሓ፣ ከዚያም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚሄደው አውራ ጎዳናም ቢሆን ያው ነው፤ ከተማ ለከተማ፣ ቀበሌ ለቀበሌ እየነካ የሚያልፍ መንገድ። በየትኛውም መስፈርት የፍጥነት መንገድ አይደለም።

«ታዲያ ቃል ላይ ምን ያጣላል? ሹፌር ሲናደድ ብዙ ይላል» የሚል አለ። የሚያጣላው ቃሉ ከሹፌሩ አፍ ወጥቶ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት ባይኖርበትም፣ ሌላ ሰው ያለፈቃዱ ነድቶትም ቢሆን ኃላፊ ነው። ከባድ ነገር ወደ መንገድ ያወጣ ሰው መዘዙንም ይሸከም የሚል ጥሩ ሕግ ነው። ግን ከአምስት ቁጥር በኋላ፣ 2086 ላይ፣ ማምለጫ ቀዳዳ አለ፤ ጉዳቱ የደረሰው በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት ከሆነ ባለመኪናው በሙሉ ወይም በከፊል ነጻ ይወጣል።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሳይክል የገጨ መኪና ጠበቃ የሚፈልገው ይህችን ቀዳዳ ነው። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ሲያነሳ፣ ዙሪያውን የከበበው ሰው «ምን ያደርጋል እዚህ? ሳይክል በዋና መንገድ ክልክል አይደል?» እያለ ሲያጉረመርም፣ ያ ማጉረምረም ምስክርነት ይሆናል። መሬት የተኛው ሰው መልስ መስጠት አይችልም። ቤተሰቡም ሕጉን አያውቅም፤ «ልጃችን አጥፍቶ ነው» ብሎ አንገቱን ደፍቶ በሽማግሌ ትንሽ ብር ተቀብሎ ይሄዳል። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ የግዴታ የሆነው ለዚህ ቀን ነበር። ሙሉ ካሳ ይገባው የነበረ ሰው በአንድ የሐሰት ዓረፍተ ነገር ግማሹን ወይም ሁሉንም ያጣል።

ደህና፣ ሁለተኛው ክርክር ይምጣ። «ለራሳቸው ደህንነት ነው፤ ከመኪና ጋር አይጋፉ» የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ። ቅንነታቸው አይካድም። ግን ወዴት ይሂድ? ከዓይናለም መቐለ ገበያ አትክልት የሚያደርስ፣ እንዳየሱስ ግቢ የሚማር፣ ግንባታ ላይ በቀን የሚሠራ ሰው አማራጭ መንገድ ከየት ያመጣል? እዚህ ላይ የአሜሪካን ነገር ማንሳት ይጠቅማል፤ መኪና የሚመለክበት አገር ነውና። አሪዞናንና ዋዮሚንግን በመሳሰሉ ምዕራባዊ ግዛቶች፣ ከከተማ ውጭ ባለው ሰፊ አገር፣ ብስክሌት በኢንተርስቴቱ ትከሻ ላይ እንዲሄድ ተፈቅዷል። እውነተኛ ፍሪዌይ ላይ ማለት ነው፤ መኪና በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ በሚበርበት። በዚያ በረሃ ብዙ ቦታ ከኢንተርስቴቱ ሌላ መንገድ የለም። ጀርመን በበኩሏ አውቶባኑን ትዘጋና ከጎኑ ያለውን ተራ መንገድ ክፍት ታደርጋለች። አማራጭ ሳይሰጥ «ውጣ» የሚል የደህንነት ምክር ግን ሰውየውን ሥራውን ተው ማለት ነው።

ባለሳይክሎችም ንጹሕ አይደሉም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ዳገቱ ሲከብድ የአይሱዙ ኋላ ይዞ የሚጎተት ጎረምሳ አለ፤ ሹፌሩ ፍሬን የያዘ ቀን ማን ሊያድነው ነው? ሦስት ሆነው ጎን ለጎን እያወሩ መንገዱን የሚሞሉ አሉ። ከሁሉም የሚብሰው ያለ መብራት፣ ያለ አንጸባራቂ፣ ጥቁር ጃኬት ለብሶ ማታ የሚወጣው ነው። ይህ ሰው ሲገጭ 2086 በእውነት ይመጣበታል፤ ሲመጣበትም ፍርዱ ትክክል ነው። ያለ መብራት መንዳት ጥፋት ነው። መንገዱ ላይ መገኘት ግን ጥፋት አይደለም። ሁለቱን መቀላቀል ነው ነውሩ።

ደግሞ መቐለ ይህን ክርክር የምታነሳ የመጨረሻዋ ከተማ መሆን ነበረባት። የኢትዮጵያ ብስክሌት ስፖርት ዋና ቤት ትግራይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጀመረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ የመቐለ ልጅ ነው። በፈረንሳይ ተራራ ላይ በቴሌቪዥን ሲታይ ያጨበጨበው ሰው፣ ማለዳ ኩሓ መንገድ ላይ ተደርድረው የሚለማመዱ ልጆችን ሲያይ ክላክስ ይነፋባቸዋል። እግራቸው የሚጠነክረው የት ላይ ይመስለዋል? ሳሎን ውስጥ?

ስፖርቱ እንኳ ይቅር። ነዳጅ የጠፋበት የከበባው ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ ከ2013 ክረምት እስከ 2015 መግቢያ። ባንክ ተዘግቶ፣ መኪናው ግቢ ቆሞ አቧራ ሲለብስ፣ መድኃኒት ፍለጋ የተሄደው በሳይክል ነበር። እህል በሳይክል ተጭኗል፤ ሐኪምም መምህርም ሥራው የገባው በሳይክል ነው። ያኔ በዚያው ዋና መንገድ ላይ «ክልክል ነው» ያለ ሰው አልነበረም። ዛሬ ሚኒባስ የሚነዳው ያ ሰው ምናልባት ያኔ ጎረቤቱን ሳይክል ለምኖ ይሆናል። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ቤንዚኑ ሲመለስ ሕጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው ጠባይ ነው።

መንገድ የሚያሠራው ክፍልም የራሱ ድርሻ አለው። አስፋልት ሲዘረጋ ትከሻው ጠጠር ሆኖ ከቀረ፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ጠጠሩ አንድ ስንዝር ገደል ከሆነ፣ ሳይክሉ ወደ መሐል እንዲገባ የሚያስገድደው መንገዱ ራሱ ነው። ትከሻውን አንድ ሜትር ተኩል በአስፋልት መሸፈንና በነጭ መስመር መለየት የቅንጦት ሥራ አይደለም። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቷ የብስክሌት መስመር ለይታ እየቀባች ነው፤ ሳይክል በብዛት የሚነዳበት ከተማ ግን መቐለ ነው።

የሚመለከተው አካል በእርግጥ አንድ መንገድ ለሳይክል አደገኛ ነው ብሎ ካመነ ሥርዓቱ ይታወቃል። ቀይ ክብ፣ መሐሉ ላይ የሳይክል ሥዕል ያለበት ምልክት አለ። ይተከል፤ ከጎኑም ሳይክሉ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚያሳይ ቀስት ይጨመርበት። ምልክቱ ባልተተከለበት መንገድ ላይ የሹፌር ክላክስ ምልክት ሊሆን አይችልም።

ፕላን የሚነሳ ቀን ደግሞ፣ ያ ቀን ባይመጣ ይሻላል እንጂ፣ የተጎጂው ወገን ሁለት ነገር ይጠይቅ። ሳይክሉ ከመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ስንት ሜትር ርቆ እንደተገጨ በሜትር ይለካ፤ መብራቱና አንጸባራቂው መኖሩ ይመዝገብ። «በተከለከለ መንገድ ሲነዳ» ብሎ የሚጽፍ ካለም የከለከለውን ሕግ ቁጥርና አንቀጽ እዚያው መስመር ላይ ይጻፍ።