ሰኞ ጠዋት «ዊክኤንድ እንዴት ነበር?» ስትባሉ፦ ቢሮ፣ ክራሽ እና ሥራ ያሳጣው የሶፍትቦል ክለብ

ሰኞ ጠዋት ነው። ቢሮ ገብታችሁ ቦርሳችሁን ገና ሳታስቀምጡ አጠገባችሁ ያለችው ባልደረባችሁ «እሺ፣ ዊክኤንድ እንዴት ነበር?» ትላለች። ለአብዛኞቻችን ይሄ ሰላምታ ነው። «አሪፍ ነበር፣ ከልጆቹ ጋር ወጣን» ብለን ወደ ማኪያቷችን እንሄዳለን።

ለአንዳንድ ሰው ግን ይቺ ጥያቄ ከባድ ናት። የት እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደነበረ እውነቱን ቢናገር የወር ደሞዙ ሊቀር ይችላል። ማጋነን እንዳይመስላችሁ። በአንድ የሰፈር ጨዋታ ክለብ የጀመረ ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ የአገሪቱን የሥራ ሕግ ቀይሯል። ዛሬም በ2025 እና ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር በሙሉ የሚዞረው በዚያው ውሳኔ ዙሪያ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንየው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ማነው?

ጀራልድ ቦስቶክ ይባላል። ከአትላንታ ከተማ በስተደቡብ ባለችው ክሌይተን ካውንቲ፣ ጆርጂያ፣ ከ2003 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሥራው ጥቃት ወይም ቸልተኝነት የደረሰባቸው ሕፃናት ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የሚቆሙላቸውን በጎ ፈቃደኞች መመልመልና ማስተባበር ነው። አሥር ዓመት ሠራ። የሚመራው ፕሮግራም ሽልማት ሁሉ አግኝቷል።

በጥር 2013 አንድ የሶፍትቦል ሊግ ውስጥ ገባ። ሶፍትቦል የቤዝቦል ታናሽ ወንድም በሉት። ሊጉ የጌዮች ሊግ ነበር። ሰዎች ከሥራ በኋላ ተገናኝተው ኳስ የሚመቱበት፣ የሚጫወቱበት፣ የሚተዋወቁበት ቦታ ማለት ነው። ቦስቶክ እንደውም እዚያ ለሥራው የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ይፈልግ ነበር።

ከዚያ ነገር ተበላሸ። በክሱ ላይ እንደሚለው፣ በሥራ ቦታው ተሰሚነት ያላቸው ሰዎች ስለ ጌይነቱና ስለ ሶፍትቦሉ ክፉ ክፉ ነገር መናገር ጀመሩ። ካውንቲው የሚያስተዳድረውን ገንዘብ ኦዲት አስደረገ። በሰኔ 2013 ተባረረ። የተሰጠው ምክንያት ባጭሩ «ለካውንቲው ሠራተኛ የማይመጥን ጠባይ» የሚል ነው። ካውንቲው ጉዳዩ የገንዘብ አያያዝ ነው አለ፤ ቦስቶክ ደግሞ ኦዲቱ ሰበብ ነው፣ ያባረራችሁኝ በማንነቴ ነው አለ።

በጊዜው ከፕሮስቴት ካንሰር እያገገመ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሥራ ሲሄድ የጤና ኢንሹራንስም አብሮ ይሄዳል። አስቡት እንግዲህ።

ቅዳሜ ሰርግ፣ ሰኞ ስንብት

ብዙዎቻችን አሜሪካ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ድሮ የተፈታ ይመስለናል። አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ መሠረታዊው ደንብ አሠሪ በፈለገው ምክንያት፣ ያለ ምክንያትም ጭምር፣ ሠራተኛውን ማሰናበት ይችላል የሚል ነው። ሕግ ለይቶ የከለከላቸው ምክንያቶች ብቻ ናቸው የማይቻሉት። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አምስት ነገሮችን ከልክሏል፦ ዘር፣ የቆዳ ቀለም፣ ሃይማኖት፣ ፆታ እና የትውልድ አገር። ጌይነት እዚያ ዝርዝር ውስጥ በስም የለም።

ስለዚህ በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ ሲፈቅድ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ተፈጠረ። ከግማሽ በላይ በሆኑት ግዛቶች ውስጥ አንድ ሰው ቅዳሜ በሕግ አግብቶ፣ ሰኞ የሰርጉን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ስላስቀመጠ ሊባረር ይችል ነበር። ጆርጂያ ከነዚህ ግዛቶች አንዷ ናት።

ቦስቶክ ክሱን በ2016 ሲጀምር ያለ ጠበቃ ነው። በ2017 ፍርድ ቤቱ ውድቅ አደረገበት። በ2018 ይግባኝ ሰሚውም እንዲሁ። ከዚያ የሱ ጉዳይ ከሌሎች ሁለት ጉዳዮች ጋር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። አንዱ የዶናልድ ዛርዳ ነው፤ ኒው ዮርክ ውስጥ የፓራሹት ዝላይ አስተማሪ ነበር፣ ለአንዲት ደንበኛ ጌይ መሆኑን ከነገራት በኋላ ነው የተባረረው። ሌላዋ ሚሺጋን ውስጥ የቀብር አገልግሎት ድርጅት ሠራተኛ የነበረችው ኤሚ ስቲቨንስ ናት፤ ከዚህ በኋላ እንደ ሴት ለብሼ ነው የምሠራው ብላ ለአለቃዋ ደብዳቤ ሰጠች፣ ተባረረች።

ዛርዳ በ2014 በዝላይ አደጋ ሞተ። ስቲቨንስ በግንቦት 2020 ሞተች። ውሳኔው የመጣው ሰኔ 15 ቀን 2020 ነው። ከሦስቱ ከሳሾች ውጤቱን በሕይወት ያየው ቦስቶክ ብቻ ነው፤ እሱም ከተባረረ ከሰባት ዓመት በኋላ።

የዳኛው የድግስ ምሳሌ

ውሳኔው 6 ለ 3 ነው። ብዙ ሰው ያስገረመው የጻፈው ዳኛ ነው፦ ኒል ጎርሰች። ትራምፕ የሾሟቸው ወግ አጥባቂ ዳኛ ናቸው።

ክርክራቸው ቀላል ነው፣ በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። አንድ መሥሪያ ቤት የበዓል ድግስ አዘጋጀ፣ ሠራተኞች የትዳር አጋራቸውን ይዘው ይምጡ ተባለ። አንድ ጎበዝ ሠራተኛ መጥቶ አለቃውን «ባለቤቴን ተዋወቅልኝ፣ ሱዛን ትባላለች» ይላል። ጌይ ሠራተኛ የሚያባርር መሥሪያ ቤት ይሄን ሠራተኛ ያባርራል ወይስ አያባርርም? መልሱ አንድ ነገር ላይ ብቻ ይወሰናል፦ ሠራተኛው ወንድ ነው ወይስ ሴት? ወንድ ከሆነ ምንም የለም። ሴት ከሆነች ትባረራለች። እንግዲህ ውሳኔው የሠራተኛውን ፆታ ሳያዩ ሊሰጥ ካልቻለ፣ ይሄ በፆታ ማዳላት ነው፣ የ1964ቱ ሕግም ይከለክለዋል። በቃ።

የተቃወሙት ዳኞች አሊቶ፣ ቶማስ እና ካቫኖ ናቸው። የነሱም ክርክር መሰማት አለበት። በ1964 ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይሄን በጭራሽ አላሰቡትም፤ ሕግ መቀየር የምክር ቤት ሥራ እንጂ የዳኛ ሥራ አይደለም ነው ያሉት። ይሄ ክርክር አሁንም አላለቀም።

የቦስቶክ ጉዳይ ደግሞ ወደ ታች ተመልሶ በመጨረሻ በስምምነት ተዘጋ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው ሕጉ ይጠብቀዋል የሚለውን ነው፤ ካውንቲው ያባረረው በትክክል ለምን ነበር የሚለውን አልወሰነም። ይቺን ልዩነት ብዙ ፖስቶች ይዘሏታል።

አሁን ወደ ክራሹ

ሰው በቀን ስምንት ሰዓት አብሮ ሲውል ልቡ አንድ ቦታ ማረፉ አይቀርም። አንድ ወንድ ሴት ባልደረባው ላይ ዓይኑን ቢጥል ቢሮው በሙሉ ያሾፍበታል። «ኧረ ዛሬ ሽቶህ በዛ!» ይባላል፣ ይሳቃል፣ ያልፋል። ጌይ የሆነ ሰው ግን ስሜቱን ለመናገር በመጀመሪያ ራሱን መግለጥ አለበት። ስለዚህ በአንዲት «ቡና እንጠጣ?» ውስጥ ሁለት አደጋ ይሸከማል። አንዱ እምቢ መባል ነው፣ እሱ የሁላችንም ነው። ሁለተኛው ወሬው አለቃ ጋ መድረሱ ነው።

ክለቡ የሚያስፈልገውም ለዚህ ይመስለኛል። የሶፍትቦል ሊግ፣ የመዘምራን ቡድን፣ የሩጫ ክለብ፦ ሰው ማን ማን እንደሆነ ሳይገምት፣ ሳይፈራ የሚተዋወቅበት ቦታ ነው። ቢሮው ዝም የሚያሰኝ ከሆነ ሰው የሚናገርበት ሌላ ቦታ ይፈልጋል። የቦስቶክ ጉዳይ የሚያሳዝነውም እዚህ ላይ ነው፤ በክሱ መሠረት፣ ያ ሌላ ቦታው ራሱ ነው ቢሮ ድረስ ተከትሎት የመጣው።

ግን ደግሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሕጉ ማንነትን ይጠብቃል እንጂ ለማንም የማስቸገር ፈቃድ አይሰጥም። በ1998 ኦንካሌ በተባለው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ፣ ወንድ ወንድን ቢያስቸግርም የፆታ ትንኮሳ ሊሆን ይችላል ብሏል። ከሳሹ በነዳጅ ማውጫ ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፣ ያስቸገሩት የገዛ ባልደረቦቹ። ስለዚህ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። አንዴ በጨዋነት መጠየቅ ትንኮሳ አይደለም። እምቢ ከተባለ በኋላ መደጋገም ግን ወደዚያው ይወስዳል። ፌስቡክና ጉግል ሠራተኛ ባልደረባውን ለቀጠሮ መጋበዝ የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚል ደንብ እንዳላቸው በ2018 ሲዘገብ ብዙ ተሳቀ። እኔ ግን አሪፍ ደንብ ነው እላለሁ።

አለቃ ከሆናችሁ ደግሞ ጨዋታው ይለያል። ማክዶናልድስ በ2019 ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ያሰናበተው ከአንዲት ሠራተኛ ጋር በፈቃደኝነት በነበረው ግንኙነት ነው። በ2025 ደግሞ በኮልድፕሌይ ኮንሰርት ላይ ካሜራው የያዛቸውን የአንድ ቴክ ኩባንያ አለቃና የሰው ኃይል ኃላፊዋን ሁላችሁም አይታችኋል። ሁለቱም ሥራቸውን ለቀቁ። እነዚህ ታሪኮች የወንድና የሴት ናቸው። ችግሩ የሥልጣን እንጂ የፆታ አልነበረም።

አሁን የት ደርሷል?

በሰኔ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሌላ ውሳኔ ሰጠ። ኦሃዮ ውስጥ አንዲት ሴት «ጌይ ስላልሆንኩ ነው እድገቱ ያለፈኝ» ብላ ከሰሰች። የሥር ፍርድ ቤቶች፣ አንቺ ከብዙኃኑ ወገን ስለሆንሽ ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልግሻል ብለዋት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ አይሆንም አለ፤ መለኪያው ለሁሉም እኩል ነው። ውሳኔውን የጻፉት ለዘብተኛዋ ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ናቸው። ይሄ ማለት አሸነፈች ማለት አይደለም፣ ጉዳይዋ እንደገና ይታይ ማለት ነው።

በሌላ በኩል በዚያው ዓመት የትራምፕ አስተዳደር ከመጣ በኋላ የሥራ እኩልነትን የሚያስከብረው የፌዴራል ኮሚሽን ለትራንስጀንደር ሠራተኞች ብሎ የያዛቸውን በርካታ ክሶች ለማቋረጥ ጠይቋል። የ2020ው ውሳኔ አልተሻረም። ግን ሕግ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ የሚያስከብረው መሥሪያ ቤት ፍላጎት ሌላ ነገር ነው።

እኛን ምን አገባን?

አትላንታና ክላርክስተን ውስጥ ብዙ ሐበሻ አለ። ቦስቶክን የጠበቀው ሕግ እነሱንም የሚጠብቅ ያው ሕግ ነው። «አክሰንትህ አይገባኝም» ተብሎ ያለ አግባብ የተገፋ፣ ለጥምቀት ወይም ለዒድ ፈቃድ የተከለከለ ሰው የሚከሰው በዚያው በ1964ቱ ሕግ ነው። በ2023 እሁድ አልሠራም ያለ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለሃይማኖት የሚሰጠውን ጥበቃ አጥብቆታል። ሃይማኖትና ጌይነት በአንድ ሕግ ጥላ ሥር ናቸው። ይሄ ለብዙ ሰው የማይመች እውነት ነው፣ ግን እውነት ነው።

እዚያ ያላችሁ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ሕጉ የሚሠራው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው አሠሪ ላይ ነው። ስምንት ሰው ያለው ምግብ ቤት አይነካም፣ የግዛት ወይም የከተማ ሕግ ከሌለ በቀር። ሁለተኛ፣ ጆርጂያ ውስጥ ለኮሚሽኑ አቤት የሚባለው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ የራሳቸው ተቋም ባላቸው ግዛቶች 300 ቀን። ሦስተኛ፣ ቀኑን፣ የተባለውን፣ ማን እንደሰማ ጻፉ።

አገር ቤት ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። ስለዚህ እዚህ ጥያቄው ከሥራ በፊት የነፃነት ጥያቄ ነው። የሰኞ ጠዋቱ ዝምታም በዚያው ልክ ይረዝማል።

ኮሜንት ላይ ጦርነት እንደሚነሳ አውቃለሁ። ሃይማኖታችሁን ማንም አልነካም። እኔ የምጠይቀው አንዲት ነገር ናት፦ ሥራችሁን በአግባቡ ከሠራችሁ በኋላ፣ 11 ሰዓት ላይ ከቢሮ ስትወጡ የት እንደምትሄዱ ማወቅ የአለቃችሁ መብት ነው? ቦስቶክን በ2013 ያጋለጠው የሰው ወሬ ነው። እኛ ደግሞ ኪሳችን ውስጥ ስልክ አለ፣ ታግ የሚያደርግ ጓደኛ አለ፣ ስቶሪያችንን የሚያይ አለቃ አለ። እኔ ፍሪላንሰር ስለሆንኩ አንድ አለቃ የለኝም፣ አምስት አለኝ። አምስቱም ይከተሉኛል።

እናንተስ፣ ሰኞ ጠዋት ስትጠየቁ ስንቱን ትናገራላችሁ?