የብሳናው ቅጠል ሲቀላ



ባለፈው ታኅሣሥ ወር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን ስልኩን እንደያዘ በጊዳ አያና በምናስተምርበት መድረሳ ግቢ ውስጥ ጠበቀን። በስልኩ ላይ የሚታየው የጃፓን ፎቶግራፍ ነበር። እሳት የመሰለ ቀይ ቅጠል የለበሰ ሸለቆ፣ ከሸለቆው በላይ የተዘረጋ ባለ ጣሪያ የእንጨት ድልድይ፣ በድልድዩም ላይ ተደግፎ ቁልቁል የሚመለከት ሕዝብ ይታያል። ልጁ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ኡስታዝ፣ አላህ ለእነርሱ እንዲህ ያለውን ሰጥቶ ለእኛ ለምን ነፈገን?» ሲል ጠየቀን።

ልጁ ይህን ሲጠይቀን የቆመው ከአንድ ትልቅ ብሳና ሥር ነበር። በትከሻው ላይም አንድ ብርቱካን የመሰለ ቅጠል አርፎበት ነበር፤ እርሱ ግን አላየውም። የዛሬው ጽሑፋችን ለዚያ ልጅ የሰጠነው መልስ ነው። ብዙ ወላጆችም ከልጆቻቸው ተመሳሳይ ጥያቄ እንደሚቀርብላቸው ስለምናምን ለሁላችንም ይጠቅም ይሆናል ብለን አቀረብነው።

በመጀመሪያ ስለ ጃፓን እውነቱን እንናገር። ልጁ ያሳየን ሥፍራ በኪዮቶ ከተማ የሚገኘው ቶፉኩጂ የተባለው የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1236 ሲሆን፣ በግቢው ሸለቆ ውስጥ ያሉት ሜፕል የሚባሉ ዛፎች በእኛ ኅዳር ወር ውስጥ ይቀላሉ። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ853 የተመሠረተው ኤይካንዶም በዚሁ የታወቀ ነው፤ ማታ ማታ ዛፎቹ ላይ መብራት እየተበራ ሰው ይጎበኛቸዋል። በቶኪዮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1702 የተሠራው የሪኩጊየን የአትክልት ሥፍራ አለ። ቅላቱ በሰሜን በሆካይዶ ተራሮች ላይ በመስከረም ይጀምርና እየወረደ እየወረደ እስከ ደቡብ ድረስ ይሄዳል። በየዓመቱ የአየር ትንበያ የሚያወጡ ድርጅቶች ዝናብና ፀሐይን እንደሚተነብዩ ሁሉ ቅጠሉ በየትኛው ከተማ መቼ እንደሚቀላ ይተነብያሉ። ቤተሰብም ምግቡን ቋጥሮ፣ ልጆቹን አስከትሎ ይወጣል። ይህን ልማድ ሞሚጂጋሪ ይሉታል፤ ትርጉሙም «የሜፕል ቅጠል አደን» እንደማለት ነው።

ለመሆኑ ቅጠል ለምን ይቀላል? በትምህርት ቤት እንደተማርነው ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው ክሎሮፊል በተባለው ንጥረ ነገር ምክንያት ነው። ብርዱ ወይም ድርቁ ሲመጣ ዛፉ ለክፉ ቀን ይዘጋጃል። ክሎሮፊሉን አፍርሶ የሚጠቅመውን ወደ ግንዱ ይመልሳል። ያን ጊዜ ቀድሞውኑ በቅጠሉ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ቀለም ይገለጣል። በአንዳንድ ዛፎች ላይ ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር አዲስ ቀይ ቀለም ይሠራል። በመጨረሻም ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ እንደ ቡሽ ያለ ግርዶሽ ያበጅና ቅጠሉን ይለቀዋል። እንግዲህ ያ ውበት ዛፉ ያለውን ሰብስቦ ለችግር ጊዜ የሚዘጋጅበት ሥራ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አዝ-ዙመር ዝናቡን፣ ከዝናቡ የሚበቅለውን ልዩ ልዩ ቀለም ያለውን አዝመራ፣ ከዚያም መጠውለጉንና መቢጨቱን አስታውሶ፣ በዚህ ውስጥ ለባለ አእምሮዎች ግሣጼ እንዳለ ይነግረናል። ይህ ቃል ለጃፓን ሰው ብቻ የወረደ አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ወለጋ ከሌሎች ሥፍራዎች ቢበልጥ እንጂ በቀለም የሚያንስ አይደለም። ልጆቻችን እንዲያውቁት በወር በወሩ እንዘርዝረው።

በመስከረም ክረምቱ ሲወጣ፣ በኦሮምኛ ብራ የሚባለው ወቅት ሲገባ፣ በነቀምቴ ዙሪያና በደጋው ማሳ ዳርቻ ሁሉ አደይ አበባ ይፈነዳል። ኦሮሞ ወገኖቻችን ኬሎ ይሉታል፤ ቢጫ ቀለምም በቋንቋቸው ኬሎ ነው። ልብሳችን ላይ እየተጣበቀ ከሚያስቸግረን ጭጎጎት ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከከተማው ጫፍ ወጣ ማለት ብቻ ይበቃል። አዲስ አበባ ያሉ ቤተሰቦችም እንጦጦ ላይ ያገኙታል። ነገር ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ጥቅምት ከገፋ በኋላ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም።

አደዩን ተከትሎ ወንዛ ነጭ አበባውን ያወጣል፤ ንቦችም ይሰፍሩበታል። ከዚያም ደረቁ ወራት ሲገባ የብሳና ተራ ይሆናል። ብሳና፣ በኦሮምኛ በካኒሳ፣ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ ጀርባው ወደ ነጭነት ስለሚያደላ ነፋስ ሲያገላብጠው ያብለጨልጫል። ከመውደቁ በፊት ቅጠሉ ብርቱካን፣ አንዳንዴም ቀይ ይሆናል። ዛፉ በአንድ ጊዜ ስለማይቀላ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቅጠል ጎን ለጎን ይታያል። የወደቀው ቅጠል ቶሎ ስለሚበሰብስ መሬቱን ያዳብራል፤ ገበሬውም በማሳው መካከልና በቡናው ጥላ ውስጥ የሚተወው ለዚህ ነው። ፍሬው ግን መርዛማ ስለሆነ ልጆች እንዳያኝኩት ማስጠንቀቅ ይገባል።

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ወደ አንገር ሸለቆ፣ ወይም ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ሌላ መልክ ይታያል። በቆላው ያለው ዛፍ አብዛኛው በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሣሩም ወርቅ ይመስላል። ቅጠል በሌለው ቅርንጫፍ ላይ ዛና ሮዝ አበባውን ያወጣል። ደጋው ላይ በየአጥሩ የተተከለው ቆርችም፣ ማለትም ወለንሱ፣ ቅጠሉን ጥሎ ቀይ አበባ ይለብሳል። በእርግጥ በዛሬው ጊዜ ከቤተሰብ ጋር ወደ ሸለቆ ለመውረድ የሚያስብ ሰው በቅድሚያ የመንገዱን ሰላም አካባቢውን ከሚያውቁ ሰዎች መጠየቅ አለበት። ሰላም በሌለበት ደግሞ በደጃፍ ያለው ብሳና ይበቃል።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? አላህ ለእነርሱ ሰጥቶ ለእኛ አልነፈገንም። ልዩነቱ በአያያዝ ነው። በኪዮቶ የሚታየው ዛፍ ተተክሎ፣ ተገርዞ፣ ሥሩ ተጠርጎ፣ ከአባት ወደ ልጅ አደራ እየተባለ የቆየ ነው። እኛ በእምነታቸው አንስማማም፤ ዛፍ አጠባበቃቸው ግን ትምህርት ይሆነናል። በአገራችንም ቢሆን የዚህ ምሳሌ አለ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የጥድ ዘር ተዘርቶበት እንደተጠበቀ ይነገራል። በደቡብ ጎንደር በዙሪያቸው ያለው መሬት ሁሉ ታርሶ ሳለ ዛፍ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ውስጥ ነው። የእኛስ የመስጊድ ግቢዎችና የመቃብር ሥፍራዎች?

እዚህ ላይ ራሳችንን ሳንደብቅ አንድ ነገር እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ በመስጊዳችን ግቢ ያለውን ብሳና ለመቁረጥ ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። በበጋ ቅጠሉ እየረገፈ የዉዱእ ማድረጊያውን የውኃ መውረጃ ይደፍን ነበር። ይቆረጥ ብለው እጃቸውን ካወጡት ሰዎች መካከል እኛም ነበርን። ስለ ዛፍ ጥቅም በክፍል ውስጥ የምናስተምረው እኛው ነን!

በዚያን ጊዜ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩት አባቶች አንዱ የሆኑ ሸኽ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ልጆቼ፣ እናንተ ይህን መስጊድ በቆርቆሮው ነው የምታውቁት» አሉ። «እኛ ስንመጣ ቤት አልነበረንም። የመጀመሪያውን ጁሙዓ የሰገድነው በዚህ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ከሞት ተርፈን በመጣን ጊዜ ያስጠለለንን፣ ዛሬ ቅጠሉ አስቸገረን ብለን ልንጥለው ነው?» ብለው ተቀመጡ። ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ግንበኛ፣ «ዛፉን ከምናነሣ ቦዩን ብናዛውረውስ?» አለ። ሥራው ሁለት ቀን እንኳ አልፈጀም። ቅጠሉን ደግሞ የመድረሳው ልጆች በተራ እየጠረጉ ለጓሮው አትክልት ማዳበሪያ እንዲያደርጉት ተወሰነ።

ከጊዜ በኋላ ስናነብ በጃፓን ሂሮሺማ ከተማ ተመሳሳይ ነገር እንደተደረገ ተረዳን። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1945 የአቶሚክ ቦምብ ሲጣል፣ ቦምቡ ከፈነዳበት ሥፍራ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ ሆሰንቦ በተባለ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ አንድ የጊንኮ ዛፍ ነበር። ቤተ መቅደሱ ፈረሰ፤ ዛፉም ተቃጠለ፤ ሆኖም እንደገና አቆጠቆጠ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሕንፃው እንደገና ሲሠራ ዛፉ መግቢያው ላይ ስለነበረ ደረጃውን ለሁለት ከፍለው በዛፉ ግራና ቀኝ አሳለፉት። ዛሬም በየዓመቱ ቅጠሉ ወርቅ መስሎ ይረግፋል። እነርሱ ደረጃውን አዛወሩ፣ እኛ ቦዩን አዛወርን።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ክፉ ቀን መጣ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ ወለጋ በደረሰው የጸጥታ ችግር ከጊዳ አያናና ከአጎራባች ወረዳዎች ከየወገኑ እጅግ ብዙ ሰው ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ። የመድረሳችን ልጆችም ተበተኑ። እኛም ነቀምቴ በተጠጋንበት ጊዜ አንዲት የቀድሞ ተማሪያችን ካለችበት ስልክ ደወለችልን። ስለ ቤታቸው ትጠይቀናለች ብለን ስንጠብቅ፣ «ኡስታዝ፣ ብሳናው አለ? ማን ይጠርገዋል?» አለችን። ያ ተራ የመጥረግ ሥራ ለልጆቹ ምን ያህል እንደነበረ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ሸኻችን ተመልሰው ሳያዩት በስደት ላይ ሳሉ ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይማራቸው። እኛ ስንመለስ የብዙ ቤት ጣሪያ አልነበረም። ብሳናው ግን ቆሞ ነበር፤ ሥሩም ማንም ባልጠረገው ቅጠል ተሸፍኖ አገኘነው።

ለተማሪያችን የነገርነው ይህንን ነው። ትከሻው ላይ የነበረውን ቅጠል አንሥተን በእጁ ላይ አስቀመጥንለት። በዚያ ጊዜ ሕፃን ስለነበረ ታሪኩን አያውቅም ነበር።

ወላጆች ሆይ! ከእናንተ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በመስከረም አንድ ቀን፣ በታኅሣሥም አንድ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። የዛፎቹን ስም በአማርኛም በኦሮምኛም አስተምሯቸው። ስሙን የማያውቁትን ዛፍ ነገ ሲቆረጥ ሊከላከሉለት አይችሉምና። በመስጊዳችሁ ግቢ የቆየ ዛፍ ካለ ማን እንደተከለው፣ ማን እንደተጠለለበት ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ታሪኩን ጻፉት። ከሌለም ትከሉ። ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢመገብለት ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ገንዘብ ይሆናል ተብሎ ግቢው ሁሉ በእርሱ ሲሞላ ዝም አትበሉ፤ ለወንዛና ለብሳናም ጥግ አስቀሩ።

ወጣቶች ሆይ! እናንተም የጃፓንን ፎቶግራፍ ተመልከቱ፤ የአላህ ምድር ሰፊ ናትና መመልከቱ መልካም ነው። ስልኩን ካስቀመጣችሁ በኋላ ግን ቀና በሉ። ቅጠሉ የዕረፍት ቀናችንን አይጠብቅም፤ ዛሬ የቀላው በሚቀጥለው ሳምንት መሬት ላይ ነው።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።