የኃይል ፍጆታው ከንድፉ በፊት በውል የተወሰነበት የምርምር ግቢ

የመንግሥት ሕንፃ ሲገነባ የሕዝብ ዓይን የሚያርፈው በግንባታው ዋጋና በርክክቡ ቀን ላይ ነው። ሕንፃው ከተመረቀ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሚከፈለው የመብራት ሒሳብ ግን እምብዛም አያነጋግርም። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በጎልደን ከተማ የሚገኘው፣ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. የብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ይባል የነበረው ተቋም ግቢ ይህን ቅደም ተከተል በመገልበጡ ትኩረት የሚገባው ሆኗል።

ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1977 የፀሐይ ኃይል ምርምር ተቋም ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ በ1991 ደግሞ የብሔራዊ ላቦራቶሪነት ደረጃ አገኘ። ባለቤቱ የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ነው። ግቢው ካረፈበት 130 ሄክታር ገደማ መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግንባታ እንዳይካሄድበት ተጠብቆ ለሣርና ለዱር እንስሳት ተትቷል። በ2010 የተጠናቀቀው የምርምር ድጋፍ ሕንፃ 20 ሺህ 600 ካሬ ሜትር ገደማ የወለል ስፋት ያለው ሲሆን፣ ከ800 በላይ ሠራተኞችን ይይዛል።

ውሉ ሲቀድም

በተለመደው አሠራር ባለቤቱ በመጀመሪያ ንድፍ ያሠራል፤ ከዚያም ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ተቋራጭ ሥራውን ይሰጣል። የኃይል ቁጠባ ጉዳይ የሚነሳው በመጨረሻ ስለሆነ፣ ገንዘብ ሲያጥር ቀድሞ የሚሰረዘውም እርሱ ነው። በጎልደን ግን የንድፍ ባለሙያዎችና ተቋራጮች በአንድ ቡድን ሆነው እንዲወዳደሩ ተደረገ። ዋጋውም በ64 ሚሊዮን ዶላር ተወሰነ። ባለቤቱ የሚጠብቃቸውን ውጤቶች በሦስት ደረጃ ዘረዘረ፤ የግድ የሚሟሉ፣ በእጅጉ የሚፈለጉ እና ከተቻለ የሚሟሉ በማለት።

ሕንፃው በዓመት የሚፈጀውን ያህል ኃይል ራሱ እንዲያመነጭ የሚጠይቀው ግብ የሰፈረው በሦስተኛው ደረጃ ነበር። ሆኖም ተወዳድሮ ያሸነፈው ቡድን ይህንንም ጭምር ሊያሟላ ተስማማ። የፍጆታው ግብ በካሬ ሜትር በዓመት 110 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሆኖ ተቀመጠ፤ ይህም በጊዜው ደንብ መሠረት የተሠራ ተመሳሳይ ሕንፃ ከሚፈጀው ግማሽ ያህሉ ነው።

ከብርሃንና ከአየር የተገኘ ቁጠባ

ግቡ የተመታው ባልታወቀ ረቂቅ ቴክኖሎጂ አልነበረም። የሕንፃው ክንፎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ረዝመው፣ የጎን ስፋታቸው ግን ከ18 ሜትር እንዳይበልጥ ተደረገ። በመሆኑም የቀን ብርሃን እስከ መሐል ይዘልቃል፤ አምፖልም ቀኑን ሙሉ አይበራም። የአየሩ ሁኔታ ሲመች የሠራተኛው ኮምፒውተር መስኮት እንዲከፈት መልእክት ያሳያል። በደቡቡ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ቆርቆሮ በፀሐይ ሲግል በቀዳዳዎቹ የሚገባውን አየር ያሞቃል። ከወለሉ በታች ያለው የኮንክሪት መተላለፊያ ደግሞ ሙቀትንና ቅዝቃዜን እንደየወቅቱ ያከማቻል።

ለግንባታው ግብዓትም በቅርብ ያለው ተፈልጓል። በጢንዚዛ ተበልተው የደረቁ ጥዶች ለመግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ውለዋል። ከጋዝ መስመር የተረፉ የብረት ቱቦዎች ምሰሶ ሆነዋል። ከተዘጋው የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ የተነሣው ኮንክሪትም ተፈጭቶ በጠጠርነት አገልግሏል።

ይሁን እንጂ ውጤቱ ሲመዘን ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። አንደኛ፣ የፀሐይ ኃይል ፓኔሎቹ ዋጋ በ64 ሚሊዮኑ ውስጥ አልተካተተም። ሁለተኛ፣ ሕንፃው በዋናነት ቢሮ ነው። ጎጂ ጭስን ለማስወጣት አየርን ያለማቋረጥ የሚቀይሩ ቤተ ሙከራዎች የኃይል ፍላጎታቸው ከዚህ እጅግ የላቀ ነው። ስለዚህ በዚሁ ግቢ በ2013 የተመረቀው ሌላ ሕንፃ የተለየ መላ ይጠቀማል፤ ከግዙፍ ኮምፒውተር የሚወጣው ሙቀት ሳይባክን ሌሎች ክፍሎችን ያሞቅበታል።

ለደጋው ምድር የሚተርፈው

ጎልደን ከባሕር ወለል በላይ በ1 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የባሕር ዳር ከፍታ ደግሞ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ነው። ጠንካራ ፀሐይና የሌሊት ቅዝቃዜ ሁለቱንም ያመሳስላቸዋል። ሆኖም ንድፉን እንዳለ መገልበጥ ስሕተት ይሆናል። ጎልደን በረዶ የሚጥልባት በመሆኗ ማሞቂያ ያስፈልጋታል፤ የቀትር ፀሐይም ምንጊዜም በደቡብ በኩል ናት። በባሕር ዳር ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በመሆኑም የሰሜኑም የደቡቡም መስኮት ጥላ ይሻል፤ የምሥራቁና የምዕራቡ ግድግዳ ደግሞ በመስታወት ባይሸፈን ይመረጣል። ወፍራም የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት እንደሚለቅ የደጋው ነዋሪ ከቤቱ ያውቀዋል።

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 መመረቁ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ለአገሪቱ አስገኝቷል። የኃይል መብዛት ግን ብክነትን ትክክል አያደርገውም፤ መስመር ገና ያልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ብዙ ናቸውና። የተሻሻለ ዘር በሚወጣበት የምርምር ማዕከልም ቢሆን፣ በቀትር አምፖል ለማብራት የሚወጣው ብር ለሙከራ ማሳ ሊውል የሚችል ገንዘብ ነው።

ከጎልደን ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት ከቆርቆሮውና ከፓኔሉ ይልቅ ውሉ ነው። አዲስ ቢሮ፣ ትምህርት ቤት ወይም የምርምር ማዕከል ሊገነባ ሲታሰብ የዓመት ፍጆታው በቁጥር ተለክቶ በጨረታ ሰነዱ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ ተቋራጩ የሚጠየቅበት ነገር አይኖርም፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ነዋሪም የሚጠይቅበት መሠረት ያጣል።