የባል ስም ወንበር አይሆንም

በልጅነታችን ሲኒማ ቤት ተጋፍተን የህንድ ፊልም ስናይ ከፊልሙ ይልቅ የእኛ እንባ ይረዝም ነበር። ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ዘመድ ነገር ይቆሰቁሳል፣ በመጨረሻ ግን ዘፈንና እርቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 በህንዷ ቢሃር ክፍለ ግዛት የታየው ጠብ ግን በእርቅ ፈንታ ወደ ምርጫ ሣጥን ነው ያመራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓዋን ሲንግ በቦጅፑሪ ቋንቋ እየዘፈነና እየተወነ ስሙ የገነነ ሰው ነው። በ2024 ለህንድ ፓርላማ ካራካት ላይ በግሉ ተወዳድሮ ሁለተኛ ወጣ። ያኔ ባለቤቱ ጂዮቲ ሲንግ ድምፅ ስትለምንለት ነበር። ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ እሱ ወዳባረረው ገዢ ፓርቲ፣ ወደ ቢጄፒ ተመለሰ። እሷ ደግሞ የፍቺው ክርክር ፍርድ ቤት እያለ፣ እዚያው ካራካት ላይ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በግሏ ተመዘገበች።

ከዚያማ ወሬው ሌላ ሆነ! ማን ማንን በደለ? ማን በር ዘጋ? እኔ በሰው ትዳር ገብቼ አልፈርድም፤ ለሱ ዳኛ አለ። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ካራካት ያለበት ሮህታስ በሩዝ ምርቱ የታወቀ አካባቢ ነው። ገበሬው የቦይ ውሃ ይፈልጋል፤ ልጁ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሩቅ ከተማ ይሰደዳል። ታዲያ ለምንድነው እጩዋ ስለ ቦዩ ሳይሆን ስለ ባሏ የምትጠየቀው? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጋንጀስ ዳርም ዘመድ አለው!

በሌላ በኩል፣ የባል ስም ብቻውን ሩቅ አያደርስም። የታሚል ናዱ መሪና የፊልም ንጉሥ የነበረው ኤም ጂ አር በታኅሣሥ 1987 ሲሞት ባለቤቱ ጃናኪ ወንበሩን ወረሰች። አንድ ወር እንኳ አልቆየችበትም። በ1989 ምርጫ የሷ ወገን 2 መቀመጫ ሲያገኝ፣ ከ1982 ጀምሮ በፓርቲው ውስጥ ስትታገል የኖረችው ተዋናይት ጃያላሊታ 27 አገኘች። በ1991 ደግሞ ሥልጣን ያዘች። ስም በር ያስከፍታል እንጂ ገብቶ አይሠራልህም።

የካራካቱስ? በኅዳር 2025 ገዢው ጥምረት ከ243 መቀመጫ 202ቱን ጠራርጎ ሲወስድ ካራካትን ግን አጣ። የግራ ክንፉ አሩን ሲንግ ከሦስት ሺህ ባነሰ የድምፅ ልዩነት አሸነፈ። ጂዮቲ ሦስተኛ ወጣች፤ ከሃያ ሺህ በላይ ሰው መርጧታል። እንግዲህ «ድምፅ በተነችብን» የሚል ካለ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ለመሆኑ ድምፅ የገዢ ፓርቲ ርስት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

እኔ የምለው ይህን ነው። የእገሌ ሚስት ናት ብሎ መምረጥም፣ የእገሌ ሚስት ናት ብሎ መናቅም ያው አንድ ስንፍና ነው። ሁለቱም ሴትዮዋን ራሷን አላዩም። ጂዮቲ ሲንግ ዳግመኛ ብትወዳደር መራጩ ስለ ውሃው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጁ ሥራ ያፋጥጣት። ፍቺውን ለፍርድ ቤት ይተውላት።