አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አይገባም

ጨርሶ የተበላሸ ዕቃ ለመጠገን ይቀላል። ሰውን የሚያደክመው ሲፈልግ የሚሠራ፣ ሲፈልግ የሚለግም ዕቃ ነው። ቤታቸው ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የቤተሰብ የድምፅ መወያያ የከፈቱ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ያለችግር ይገባል፤ ከውጭ የሚመጣው ግን ዛሬ ገብቶ ነገ ደጅ ይቀራል።

እኛም ቤት እንዲህ ያለ መወያያ አለ። ማምብል የተባለውን ነፃ ፕሮግራም አዲስ አበባ ባለው ኮምፒውተራችን ላይ ጭነን፣ እናታችን ከዋጃ፣ ወንድማችን ከደሴ፣ እህታችን ከዋሽንግተን እሑድ እሑድ እንገናኝበታለን። ድምፅ ብቻ ስለሆነ ከቪዲዮ ጥሪ ያነሰ ዳታ ይበላል። ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። አካባቢው በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ስልክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦበት ነበር። ከዚያ ወዲህ እናታችን ድምፃችን ሲጠፋባት መጀመሪያ የምታስበው ክፉውን ነው፤ እኛም እንደዚያው። ስለዚህ «ዛሬ አልገባ አለኝ» የሚለው ቃል ለእኛ ቀላል አይደለም።

በማርኬቲንግ ሥራ ደንበኛ «አንዳንድ ጊዜ አይሠራም» ሲለን የምንጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው፤ መቼ? ማን ላይ? እዚህም መድኃኒቱ ይኸው ነው። ራውተሩን ከመነካካታችሁ በፊት ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደገባና ማን እንደቀረ፣ በዚያ ቀን መብራት ጠፍቶ እንደነበር ጻፉ። ከውጭ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጠፉ ችግሩን ከቤታችሁ ጀምራችሁ ፈልጉ። አንድ ሰው ብቻ ከቀረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በእሱ በኩል ነው። የእናቴ ድምፅ እየተቆራረጠ የወንድሜ ጥርት ብሎ ከተሰማ፣ አዲስ አበባ ያለውን ራውተር አጥፍቶ ማብራት ትርፉ ወንድሜንም ማስወጣት ነው።

ችግሩ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ የሚጀምር ከሆነ አድራሻ ተቀይሯል ማለት ሊሆን ይችላል። አድራሻው ደግሞ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ራውተሩ ለኮምፒውተሩ የሚሰጠው የውስጥ አይፒ ቁጥር ነው። ራውተሩ ከውጭ የመጣውን እንግዳ ወደ አሮጌው ቁጥር የሚመራ ከሆነ እንግዳው ባዶ ክፍል ያንኳኳል። በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ለኮምፒውተሩ ቋሚ የውስጥ ቁጥር አስይዙለት። ሁለተኛው የኢንተርኔት አቅራቢው ለቤታችሁ የሚሰጠው የውጭ አይፒ ነው። ይህ ሲቀየር ዘመዶቻችሁ የያዙት ቁጥር ዋጋ ያጣል። በቁጥር ፋንታ ስም ስጧቸው፤ እንደ ዳክ ዲኤንኤስ ያሉ ነፃ አገልግሎቶች ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር ስሙን ከአዲሱ ጋር ያገናኙታል።

ገብቶ ድምፁ የሚዘገይና የሚቆራረጥ ካለ ፖርቱን ተመልከቱ። ማምብል በተለምዶ የሚጠቀመው ፖርት 64738 ነው፤ እሱም በቲሲፒም በዩዲፒም መከፈት አለበት። መግባቱና ጽሑፉ በቲሲፒ ይሄዳል፤ ድምፁ ፈጣን በሆነው በዩዲፒ። ዩዲፒ ከተዘጋ ፕሮግራሙ ድምፁንም በቲሲፒ ይልከዋል፤ የጠፋች ቁራጭ እስክትደርስ ሌላው ስለሚጠብቅ ወሬው ይንጠባጠባል።

ስትሞክሩ ደግሞ በእውነት ከውጭ ሆናችሁ ሞክሩ። ብዙ ራውተሮች ከውስጥ ሆኖ የራሱን የውጭ አድራሻ የሚጠራን ሰው አያስተናግዱም። ስለዚህ የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ግቡ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ከውጭ የሚገባ ከሌለ፣ በራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየውን የውጭ አይፒ «የእኔ አይፒ ስንት ነው» ከሚሉት ድረ ገጾች ቁጥር ጋር አስተያዩ። ከተለያዩ፣ በተለይም የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ፣ የውጭውን አድራሻ ከሌሎች ደንበኞች ጋር ትጋራላችሁ ማለት ነው። የድሮው የአይፒ ሥርዓት ያለው ቁጥር 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ በመሆኑ ለዓለም አልበቃም። አቅራቢዎች ብዙ ቤቶችን በአንድ አድራሻ ያሳድራሉ፤ አንድ የግቢ በር እንደሚጋሩ ተከራዮች። ከውጭ የመጣ ሰው በሩን ቢያንኳኳ የማንን እንግዳ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ራውተሩ በተነሣ ቁጥር አንዴ የራሱን፣ አንዴ የጋራ አድራሻ የሚያገኝ ከሆነም «አንዳንዴ» የምትለው ቃል ምሥጢሯ እዚህ ነው። ያኔ አቅራቢያችሁን ቋሚ የውጭ አይፒ ጠይቁ፤ አለበለዚያ እንደ ቴይልስኬል ያለ ከውስጥ ወደ ውጭ መንገድ የሚከፍት ፕሮግራም በኮምፒውተሩም በሁሉም ስልክ ላይም ጫኑ።

ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር። የምትከፍቱት ያንኑ አንድ ፖርት ብቻ ይሁን፤ ለመወያያውም ለራውተሩም ጠንካራ የይለፍ ቃል አድርጉ። በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቁ። ሦስት ነገር አብሮ የቀየረ ሰው ችግሩ ቢሄድም የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ተመልሶ ሲመጣም ከዜሮ ይጀምራል።

ከቴክኒኩ በላይ ግን ከቤተሰቡ ጋር አንድ ስምምነት ይኑራችሁ። እኛ ቤት ደንቡ አሥር ደቂቃ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልገባ ሰው ካለ አንዳችን በተራ ስልክ እንደውልለታለን። መስመሩ እስኪስተካከል ድረስ እናት ዋጃ ላይ ስልኳን ይዛ «ምን ሆነው ይሆን?» እያለች መቆየት የለባትም።